ስለ ሰውነታችን ውኃና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ

ሕፃን ሲያስቀምጠው ውኃና ጡት መከልከል በከተማም በገጠርም በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርጉት ወላጆች ለልጃቸው ክፉ አስበው አይደለም፤ «የጠጣው ሁሉ ወዲያው ይወጣልና ባይጠጣ ሆዱ ያርፍለታል» ብለው ነው። ነገሩም ላዩን ብቻ ለሚመለከት ሰው እውነት ይመስላል። የተነደለ እንስራ ይዞ ከምንጭ የሚመላለስ ሰው ብናይ፣ ድካምህ ከንቱ ነው እንለው የለምን? ነገር ግን የሰው ሰውነት እንስራ አይደለም፤ በውስጡ ያለውም ውኃ በአፍ ገብቶ በታች የሚወጣ ብቻ አይደለም። አንጀት፣ ልብ፣ የደም ሥር፣ ሳንባ፣ ቆዳ፣ ኩላሊትና አንጎል አንዱን ውኃ እየተቀባበሉ ይኖራሉ። ይህን ቅብብል የተረዳች እናት ልጇን ሲያስቀምጠው ውኃ ልትከለክለው አትችልም። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ እያንዳንዱ ብልት ለየብቻው ከመናገር ይልቅ ውኃውን እየተከተልን ሰውነትን እንዞራለን።

የቀድሞ መምህሮቻችን ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት፣ እንደ ተፈጠረ ሲያስተምሩ በጉባኤ ቤት ተቀምጠን ሰምተናል። በኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት፣ ሰውነትን በሚዛንና በመስፈሪያ የመረመሩ ሊቃውንት የጻፉትን ስናነብ፣ ከሌላው ሁሉ በክብደት የሚበልጠው ውኃ መሆኑን ተረዳን። የጎልማሳ ሰው ሰውነት ከመቶው 60 ያህሉ ውኃ ነው፤ እንግዲህ ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው 36 ሊትር ያህል ውኃ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከመቶው 75 ያህሉ ውኃ ነው።

ይህ ውኃ እንደ ጋን ውኃ በአንድ ሥፍራ ተጠራቅሞ አይገኝም። ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ የሚገኘው ሰውነት በታነጸባቸው፣ በዓይን በማይታዩ ታናናሽ ሕዋሳት ውስጥ ነው። የቀረው አንድ እጅ ከሕዋሳቱ ውጭ ሆኖ በመካከላቸው ይመላለሳል፤ ከዚሁም ጥቂቱ በደም ሥር ውስጥ የሚሄደው የደሙ ውኃ ነው። ከሕዋሳት ውጭ ያለው ውኃ ጨዋማ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ ዕንባን ወይም ላብን መቅመስ ይበቃል። ውኃ ጨው ወዳለበት ይሳባልና ጨው ከሰውነት በወጣ ጊዜ ውኃው ተከትሎት ይወጣል፤ ጨው በገባ ጊዜም ተከትሎት ይገባል። ይህን አንድ ነገር አንባቢ በልቡናው እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ከአፍ እንጀምር። ጎልማሳ ሰው በቀን ከመጠጥና ከምግብ የሚያገኘው ውኃ ሁለት ሊትር ያህል ነው። ወደ አንጀት የሚወርደው ግን ይህ ብቻ እንዳይመስለን። እህሉ እንዲልም ምራቅ ከአፍ፣ ኮምጣጣ ውኃ ከጨጓራ፣ ሐሞት ከጉበት፣ ሌላም ምግብን የሚያልም ፈሳሽ ከቆሽትና ከራሱ ከአንጀቱ ግድግዳ ይፈስሳል። ይህ ሁሉ ሲደመር በቀን ሰባት ሊትር ያህል ይሆናል፤ ሰባቱም ሊትር የሚቀዳው ከደም ነው። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ያህል የሆነው ቀጭኑ አንጀት ከዘጠኙ ሊትር አብዛኛውን መልሶ ይመጥጣል፤ የተረፈውን ወፍራሙ አንጀት ተቀብሎ ይጨምቀዋል፤ በመጨረሻም ከሰገራ ጋር የሚወጣው ውኃ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ አንድ ብርጭቆ እንኳ የማይሞላ ነው። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ቤት በየትም አይገኝም።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያሻል። አንጀት ታምሞ መምጠጡን ሲያጎድል፣ ወይም ከሚመጥጠው ይልቅ የሚያፈስሰው ሲበዛ፣ በታች የሚወጣው ውኃ ሕፃኑ የጠጣው ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ከገዛ ደሙ የተቀዳ ነው። ምንም ያልጠጣ ሕፃን ሳይቀር የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው። መጠጥን መከልከል የሚወጣውን ውኃ አያቆምም፤ የሚገባውን ብቻ ያቆማል።

አንጀት የመጠጠው ውኃ በግድግዳው ውስጥ ወዳሉት እንደ ፀጉር ወደ ቀጠኑ የደም ሥሮች ይገባል፤ ከዚያም በጉበት በኩል አልፎ ወደ ልብ ይሄዳል። ልብ ሁለት ክፍል ያለው ጡንቻ ነው። የቀኙ ክፍል ደሙን ወደ ሳንባ ይልከዋል፤ ደሙ በሳንባ ንጹሕ አየር ተቀብሎ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል፤ የግራው ደግሞ ወደ መላው ሰውነት ይረጨዋል። ዛሬ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሊናገረው የሚችለው ይህ ነገር ለብዙ መቶ ዓመታት ተሰውሮ የኖረ ነው። ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ እየተሠራ በመላው አካል ተሠራጭቶ እዚያው ያልቃል ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ሊቃውንቱም ይህን ተቀብለው ከሺህ ዓመት በላይ ኖሩ። በደማስቆ ተምሮ በካይሮ ያገለገለው ኢብን አል ናፊስ በ13ኛው መቶ ዓመት ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ ጻፈ። በመጨረሻም እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ የደምን ዝውውር አስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሃርቬይ ማስረጃ ተራ ሒሳብ ስለ ሆነ እኛ የሒሳብ አስተማሪዎች እጅግ እንወደዋለን። ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ገመተ፤ በምቱም ቍጥር አባዛው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከልብ የሚወጣው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በልጦ ተገኘ። ይህን ያህል ደም ከምግብ በየሰዓቱ ሊሠራ አይችልም፤ እንግዲያውስ ያው ደም እየዞረ ይመለሳል ማለት ነው። ደሙ ከሚወስደው ሥር ወደሚመልሰው ሥር በምን እንደሚሻገር ግን ሃርቬይ ሳያይ ሞተ፤ በ1661 ጣልያናዊው ማልፒጊ የእንቍራሪትን ሳንባ በማጉያ መነጽር ሲመረምር ቀጫጭኑን ሥሮች አገኛቸው። ዛሬ እንደምናውቀው የጎልማሳ ሰው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው፤ ልብም ሰውየው ዐርፎ ሳለ በደቂቃ አምስት ሊትር ያህል ይረጫል። አንድ ቀን ከሌሊቱ ጋር ሲቈጠር ምቱ ወደ መቶ ሺህ ይደርሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዙር የሚጸናው ሥሩ በደም እስከ ሞላ ድረስ ነው። በመስኖ የሚያርስ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ ቦዩ ውኃ ሲጎድለው በመጨረሻ ያለው መደብ ይደርቃል። የደም ውኃ ሲጎድልም ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው ያንሰዋልና ጉድለቱን ለመሙላት ይፈጥናል። የእጅና የእግር ቆዳ ሥሮች ይጠብባሉ፤ ያለው ጥቂት ደም ለአንጎልና ለራሱ ለልብ እንዲተርፍ ነው። በውኃ ጥማት የደከመ ሕፃን እጁና እግሩ የሚቀዘቅዘው፣ የልብ ምቱም ጣት ሲያሳርፉበት ፈጣንና ደካማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሳንባና ስለ ቆዳ ብዙ አንናገርም። ሁለቱም ውኃ ያወጣሉ፤ በደብረ ብርሃን ማለዳ ከአፋችን የሚወጣውን እንፋሎት ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ሳያልበንና ሳናውቀው እንኳ በቀን ከግማሽ ሊትር የበለጠ ውኃ በእነዚህ በሁለቱ በር ይወጣል። ትኵሳት ያለበት ሕፃን ደግሞ ከዚህ ልማድ ይልቅ ያወጣል።

የውኃው ዋና ሹም ኩላሊት ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቅ ወንፊቶች አሉ። እነዚህ ወንፊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ውኃ ከደም ያጠልላሉ፤ ከዚሁ ውስጥ ሰውነት የሚፈልገውን ጨውና ውኃ መልሰው ለደሙ ያስረክቡና ቆሻሻውን ከአንድ ወይም ከሁለት ሊትር ውኃ ጋር ወደ ፊኛ ይሰድዱታል። ምን ያህል እንዲያስቀሩ የሚያዛቸው አንጎል ነው። በአንጎል ሥር የደሙን ጨዋማነት ሁልጊዜ የሚቀምስ አንድ ክፍል አለ። ውኃ ጎድሎ ደሙ ጨው ሲበዛበት፣ ይህ ክፍል በአንድ በኩል ጥማትን ያስነሣል፤ በሌላው በኩል የአተር ፍሬ ከምታህለው ዕጢ መልእክተኛ የሆነ ንጥረ ነገር በደም በኩል ወደ ኩላሊት ይልካል፤ ኩላሊቱም ውኃውን ይይዛል፤ ሽንቱ ያንሳል፤ መልኩም ወደ ቢጫ ይጠቍራል። ጎልማሳ ሰው ሲጠማው ተነሥቶ ይጠጣል። ሕፃን ግን አንጎሉ ጠማህ ቢለው ከማልቀስ በቀር ምን ያደርጋል? የጥማቱን ልቅሶ የሆድ ቍርጠት ነው ብለን ከተረጐምንበት ደግሞ የሚሰማው የለም።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ዓመት የሞላው፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በተቅማጥ አንድ ሊትር ውኃ አጣ እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን አባቱ አንድ ሊትር ቢያጣ ከክብደቱ ከ60 እጅ አንዱን ማጣቱ ነው፤ ይጠማዋል እንጂ ሌላ አይሆንም። ሕፃኑ ግን ከዐሥር እጅ አንዱን አጣ፤ ይህም ለሞት የሚያሰጋ ነው። ብርቱ ተቅማጥ ሲሆን እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ቀን ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ሕፃናትን የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ የአንጀቱ ቍስል ሳይሆን የዚህ ውኃና ጨው መጥፋት ነው።

ምልክቶቹ እስካሁን ከተናገርነው ይመነጫሉ። በዓይን ዙሪያ ያለው ውኃ ሲቀንስ ዓይኑ ይጎደጕዳል። ሲያለቅስ ዕንባ አይወርደውም፤ ምላሱና ከንፈሩ ይደርቃል። እርግብግቢቱ ገና ካልገጠመ ወደ ውስጥ ይሰረጕዳል። የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው በመመለስ ፈንታ እንደ ታጠፈ ይቆያል፤ ከሁለት ሰኮንድ በላይ ከቆየ ነገሩ ጸንቷል ማለት ነው። የሽንት ጨርቁ ለብዙ ሰዓት ሳይርስ ይውላል። ከሰገራው ጋር የደምን መራራነትና ጎምዛዛነት የሚያመዛዝነው ጨውም ስለሚወጣ ደሙ ይኮመጥጣል፤ ሳንባም ይህን ለማቃናት በጥልቅና በፍጥነት ይተነፍሳል። ይህን አተነፋፈስ አይተው የሳንባ በሽታ ነው የሚሉ አሉ። በመጀመሪያ ሕፃኑ ይቅበጠበጣል፤ ውኃም ሲያይ ይስገበገባል። ኋላ ግን ዝም ይላል፤ ይፈዝዛል፤ መጠጣትም ይሳነዋል። ዝምታውን ዕረፍት አገኘ ብሎ መተርጐም ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

በዚህ ሰዓት ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ በመውሰድ ፈንታ ግግ ወደሚያወጣ ወይም እንጥል ወደሚቈርጥ ሰው ይዘው የሚሄዱ ወላጆች አሉ። በድድ ላይ ነጥቶ የሚታየው እብጠት ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው፤ ከአንጀት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ጥርስ የሚበቅልበት ወራትና ተቅማጥ የሚበዛበት ወራት መገጣጠሙ አያስደንቅም፤ ሕፃኑ ያን ጊዜ መዳህ ይጀምራል፤ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከትታል፤ ከጡት ሌላ ምግብም ይቀምሳል። ውኃው የጎደለበትን ሕፃን ባልጸዳ ስለት አድምቶ ደግሞ ደሙን ማጉደል፣ በላዩም ሌላ በሽታ ማስገባት፣ በልማድ ስም ሊሸፈን የማይገባው በደል ነው። የምንናገረው አምርረን ነው፤ በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ነውና።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? መልሱ የተገኘው በአንድ ቀን አይደለም። በ1832 ኮሌራ በብሪታንያ ሲነሣ ቶማስ ላታ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በውኃ ማጣት የሞቱ መስለው የተኙ በሽተኞችን አይቶ ጨው የተቀላቀለበት ውኃ በደም ሥራቸው ጨመረላቸው። አንዳንዶቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተነሥተው መናገር ጀመሩ። መንገዱ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም በሐኪም ቤት «ግሉኮስ ተሰቀለለት» እያልን የምንናገረው የዚሁ ሥራ ዘር ነው። ነገር ግን ይህ መርፌ፣ ከጀርም የጸዳ ውኃና የሠለጠነ እጅ ይሻል፤ ሐኪም ቤት በራቀበት አገር ለሚገኝ ሕፃን በጊዜው አይደርስም።

በአፍ የሚሰጠው መንገድ የተከፈተው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1960 አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን በፕራግ በተደረገ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ አንድ አሳብ አቀረበ፤ ይኸውም በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ላይ ጨውና ስኳር ባንድነት ካልሆነ የማይገቡበት በር አለ የሚል ነበር። ስኳሩ ብቻውን ሲመጣ በሩ አይከፈትለትም፤ ጨውም ብቻውን በዚህ በር አያልፍም፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ ግን ይገባሉ። አንባቢ በልቡናው እንዲይዝ የለመንነው ነገር እዚህ ያገለግላል፤ ጨው ሲገባ ውኃ ተከትሎት ይገባልና። የሚያስደንቀውም በብዙ ዓይነት ተቅማጥ፣ በኮሌራ እንኳ፣ አንጀቱ በሌላ በኩል ውኃ እያፈሰሰ ሳለ ይህ የጨውና የስኳር በር ሳይበላሽ መቅረቱ ነው። ልክ ያለው ጨውና ስኳር የገባበት ውኃ በዚህ በር ያልፋል፤ ተቅማጡ ሳይቆም ሰውነቱ ይጠጣል።

ይህ ሥራ ላይ የዋለው በቤንጋል ምድር ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በዳካና በካልካታ ሐኪሞች በኮሌራ የታመሙትን በዚህ መጠጥ ሲረዱ ቆዩ። በ1971 በምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት ሲነሣ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ በስደተኞቹም መካከል ኮሌራ ገባ። በባንጋኦን ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሥር የሚሰጠው ውኃ ቢያልቅበት ጨውና ግሉኮስ አስመዝኖ በበርሜል ውኃ አስበጠበጠ፤ በበርሜሉም ቧንቧ አኑሮ የበሽተኞቹ እናቶች፣ ወንድሞችና ጎረቤቶች እየቀዱ በኩባያ እንዲያጠጧቸው አደረገ። ከመቶው 30 ያህል ይገድል የነበረው በሽታ በእርሱ ሥፍራ ከመቶው ከ4 በታች ብቻ ገደለ። በርሜሉን ቀድተው ያጠጡት ያልተማሩ ዘመዶች ናቸው። በ1978 ላንሴት የተባለው የለንደን የሕክምና መጽሔት የጨውና የስኳር መግባት በአንድ በር መሆኑ መታወቁን ከመቶ ዓመቱ የሕክምና ግኝቶች ሁሉ ምናልባት ታላቁ ነው ሲል ጻፈ። ሐኪሙ ያረፈው በ2022 ነው።

በአገራችን «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ወይም ኦ አር ኤስ የሚባለው በከረጢት የታሸገው ዱቄት ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በወሰነው ልክ ለአንድ ሊትር ውኃ 2.6 ግራም የምግብ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ እና 2.9 ግራም የሲትሬት ጨው አለበት። ፖታሲየሙ በተቅማጥ የጠፋውን የጡንቻ ኃይል ይመልሳል፤ ሲትሬቱ የደሙን መኮምጠጥ ያበርዳል። ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ ውኃ ተሰፍሮ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ተከድኖ ይቀመጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። እንዲጣፍጥ ብሎ ስኳር መጨመር፣ እንዲጠነክር ብሎም ውኃውን ማሳነስ አይገባም፤ ልኩ ከተፋለሰ በሩ አይሠራም።

ከረጢቱ እስኪገኝ ድረስ በቤት የሚበጠበጠው ይህ ነው፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው በቢላ ተድጦ የተስተካከለ እንጂ የተከመረ አይሁን። ጨው ሲበዛ ሕፃኑን እጅግ ይጎዳልና አስቀድሞ ይቀመስ፤ ከዕንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ተደፍቶ ሌላ ይዘጋጅ። የለስላሳ መጠጥና በስኳር የጠነከረ ሻይ ግን አይረዱም፤ የበዛው ስኳር ውኃን ከደም ወደ አንጀት ይስባልና ተቅማጡን ያብሳሉ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የእናቱ ጡት ደጋግሞ ይሰጠው፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አሰጣጡ ትዕግሥት ይሻል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ካስቀመጠው በኋላ ሁሉ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጠዋል። ለታናሹ በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው በማንኪያ ማጠጣት ነው። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ እንደ ገና በዝግታ መጀመር ነው፤ ካስመለሰው ይልቅ የገባው ይበልጣልና ተስፋ አይቈረጥም። ጡትም ምግብም አይከልከል፤ የራበው አንጀት ቶሎ አይድንም። ከዚህ ጋር በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ፣ ስድስት ወር ለሞላው በቀን 20 ሚሊግራም፣ ላልሞላው 10 ሚሊግራም፣ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን ማዋጥ ያስፈልጋል። ልጃቸውን ጠበል የሚያጠጡ ወላጆች ይህን መጠጥ ከመስጠት የሚከለክላቸው ምንም ሥርዓት የለም፤ ሁለቱን ባንድነት ማድረግ ይችላሉ። ሰገራው ደም ከታየበት፣ ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ዓይኑ ከጎደጐደ ግን ቤት ውስጥ ጊዜ ማሳለፍ አይገባም፤ በመንገድም ላይ ሳለ መዋጥ እስከ ቻለ ድረስ በማንኪያ እያጠጡ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

አስቀድሞ ስለ መከላከል ደግሞ ሁለት ቃል እንጨምር። እጅን ከሰገራ በኋላና ምግብ ከማዘጋጀት በፊት በሳሙና መታጠብ፣ የመጠጥ ውኃን ማፍላት፣ የሕፃኑንም ክትባት አለማሳለፍ ነው። በሕፃናት ዘንድ ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣውን የሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ ከ2013 ጀምሮ ከመደበኛው ክትባት ጋር ይሰጣል።

ሕፃኑ ሲሻለው ውኃው ወደ ሥፍራው መመለሱ በተራ ይታያል። ሥሩ ስለሚሞላ የልብ ምቱ ይረጋል፤ እጁና እግሩ ይሞቃል። ቆንጥጠው የለቀቁት ቆዳ ወዲያው ይመለሳል። ሲያለቅስ ዕንባው ይወርዳል፤ በሌላ ጊዜ የሚያሳዝን ዕንባ ያን ቀን ያስደስታል። አንጎል ጉድለቱ እንደ ሞላ ሲያውቅ መልእክተኛውን ይሰበስባል፤ ኩላሊትም የያዘውን ይለቃል፤ ለሰዓታት ደርቆ የዋለው የሽንት ጨርቅም ይርሳል።